የማዳም ክሌአንት ዳንቴል

በፈረንጆች አቆጣጠር በ፲፰፻፺፮ ዓመት፣ ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ በፖርት ኦ ፕሬንስ ከተማ ሙቀቱ ገና በጧቱ አናት ይበሳ ነበር፤ በቧ ቬርና ሰፈር ግን ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም፤ የቡና ነጋዴው የሙሴ ፊሎክል አዲስ ቤት እንደ አገሩ ልማድ ክርስትና የሚነሣበት ቀን ነውና፣ ከቅዳሴ የወጣው ሕዝብ ሁሉ ደጁ ላይ ተኮልኩሏል። የቤቱ የክርስትና አባት ጄኔራል ቴርሚዶር ነበሩ፤ በዚያ ዘመን በከተማው ጄኔራል ያልሆነ ሰው መፈለግ ያደክም ነበር እንጂ ጄኔራልስ ሞልቷል።

ያን ጊዜ ባለጸጋ ሁሉ የቤቱን ክፈፍ በእንጨት ጥልፍ ማስጌጥ ይዞ ነበር፤ የአንዱ ከጎረቤቱ የተመሳሰለበት እንደሆነ ባለቤቱ በኀፍረት ሳምንት ከደጅ አይወጣም። ስለዚህ ሙሴ ፊሎክል አናጢውን ኦርቪልን፣ «የማንንም ያልመሰለ ሥራልኝ» አለው፤ ኦርቪልም ሠርቶ ሲያበቃ የቤቱን ግንባር በመርከብ ሸራ ሸፍኖ፣ ለጌታውም ለእመቤቲቱም ሳያሳይ ከረመ።

ቄሱ ጠበል ረጩ፤ ጄኔራሉ ገመዱን ሳቡ፤ ሸራው ወረደ።

ሕዝቡ «በስመ አብ!» አለ። ከጣራው ክፈፍ እስከ ሰገነቱ ድረስ ነጭ እንጨት እንደ ጨርቅ ተፈልፍሎ ወርዷል፤ የአናናስ አበባ፣ በአበባው መካከል ትናንሽ ዓሦች፣ ከሥራቸውም ሦስት ሦስት ሆነው የተንጠለጠሉ ጠብታዎች።

የፊሎክል ሚስት ማዳም ክሌአንት ቀና ብላ አየች፤ አየችና ደሟ ከፊቷ ሸሸ። ያ አበባና ያ ዓሣ የእሷ ነው! በሠርጓ ሰሞን ከገዛ ልቧ አውጥታ የሠራችው ዳንቴል ነው፤ የተሰፋውም በውስጥ ቀሚሷ ዘርፍ ላይ ነው፤ ያንን ደግሞ ከባሏ በቀር ያየ ወንድ የለም። አሁን አገር በሙሉ አንጋጦ ያየዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ወደ ባሏ ዞረች። እሱም አውቆታል።

«ሙሴ ፊሎክል፣ ይኼን ጉድ ከየት አመጣኸው?» አሉ ጄኔራሉ እየሳቁ። «የእኔዋ ሴትዮ ዛሬ እንቅልፍ አትሰጠኝም እኮ!»

ፊሎክል አናጢውን በሕዝብ ፊት ቢጠይቅ ምሥጢሩን ማውጣቱ ነው። ኦርቪልን ክንዱን ጨምድዶ ወደ ጓሮ ይዞት ሄደ፤ ክሌአንትም ተከተለች። በጓሮው ልብስ አጣቢዋ ሲዶኒዝ ብቻ ብርጭቆ ታለቀልቅ ነበር።

«የት አየኸው?»

«ምኑን ጌታዬ?»

«አትጃጃልብኝ! ይኼን ጥልፍ የት አየኸው? ከእኔ ክፍል ማን አስገባህ?»

አናጢው የእመቤቲቱን ፊት አየና ክው አለ። «የእመቤቴ ነው እንዴ? አፈር በበላሁ! እኔ እኮ ከመንገዱ አጥር ላይ ተሰጥቶ ነው ያየሁት፤ የማን እንደሆነ በምን አውቄ!»

«የሚስቴ የውስጥ ልብስ መንገድ ላይ? ውሸታም!»

በዚያ ከተማ የሴት የውስጥ ልብስ የሚሰጣው በግቢ ውስጥ፣ በአንሶላ ተጋርዶ ነው፤ ለመንገደኛ ያሳየች አጣቢ ሁለተኛ የጨዋ ቤት አትቀጠርም። ሲዶኒዝ ይህን ታውቃለች፤ ዝም ብትል ግን የእመቤቷ ትዳር እዚያው ማለቁ ነው። ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ ያሰጣሁት፣ ጌታዬ። ግቢውን በጣውላ ሞልታችሁት የት ላስጣው? አናቴ ላይ? አንሶላ ጋርጄበት ነበር፤ ነፋስ ገለጠው። ከፈለጉ ያባርሩኝ፤ እመቤቴን ግን አይጠርጥሩ።»

ፊሎክል እንደ ማመንም እንደ አለማመንም ሆነ። «ነገ ጧት ይፈርሳል! አንቺም ከቤቴ ውጪ!»

ክሌአንት የገዛ ሥራዋን ያን ያህል ገዝፎ ስታየው ኀፍረት ብቻ አልነበረም የሰማት፤ ደስ ብሏታል፤ ደስ ማለቱ ራሱ አስደነገጣት። «ብታፈርሰው ሰው ሁሉ ለምን ይላል» አለችው ቀስ ብላ። «ብትተወው እንጨት ነው። ሲዶኒዝንም ብታባርራት እንደዚያው ነው።»

በዚህ መካከል የጄኔራሉ ባለቤት ቀሚሳቸውን ሰብስበው ብቅ አሉ። «አንቺ ክሌአንት፣ ዳንቴል ታውቂያለሽ አሉ። ያንን የቤትሽን ጥልፍ ቀድተሽ ለአንገቴ አትሠሪልኝም?»

ፊሎክል ሚስቱን አፍጥጦ አያት። የኔ ነው ብትል አለቀላት።

«እሞክራለሁ እትዬ» አለች፤ «የኦርቪልን ያህል ባይሆንልኝም።»

ዓመት ሳይሞላ የሰፈሩ እመቤቶች ሁሉ ያንን አበባና ዓሣ በአንገትና በእጅጌያቸው አደረጉ፤ ሙሴ ፊሎክል ግን እስኪሞት ድረስ ወደ ቤቱ ሲገባ አንገቱን ይደፋ ነበር። ኋላ የከተማዋን ነገር ያወጉ ሰዎችም ኦርቪልን የጥልፉ ፈጣሪ አሉት፤ የነጋዴውን ሚስት ያነሷት እንደሆነ ከእንጨት ላይ ቀድታ ዳንቴል የሠራች ብልኅ ሴት አሏት።

ክሌአንት በሞተች ጊዜ ያጠበቻት ሲዶኒዝ ናት፤ ያንኑ የውስጥ ቀሚስ አለበሰቻት፤ በላዩም ጥቁሩን ቀሚስ ደረበችበት። ለቀስተኞቹ ዳንቴላቸውን በአንገታቸው አድርገው መጡና፣ «ምስኪን! መኮረጅስ ትችልበት ነበር» ተባባሉ። ሲዶኒዝ ሰማች፤ ልትናገርም አፏን ከፈተች፤ ከዚያ የሟቿን የውስጥ ቀሚስ ዘርፍ ወደ ውስጥ አጥፋ ሣጥኑን አስከደነች።