ክዳኑ እስኪያልበው

«ጊዜው ደርሷል፣ ያላ፣ ክፈቺው!» አለች ሳፒር በአንድ እግሯ እየዘለለች።

ሞሪያ ወፍራሙን ጓንት አጥልቃ የምድጃውን በር ሳብ አደረገችው። ትኩስ አየር ፊቷን ለበለባት። ለዓመታት ዶሮ ሲጠበስበት በኖረው ሽቦ ላይ የአባባ አምባቸው የሞተር ክዳን ቀልቶ ያበራል። ደማቅ፣ ለስላሳ፣ መልክ የሚያሳይ ቀይ።

«ዋው!» አለች ሳፒር። «አሖቲ፣ እኅቴ፣ እኛ ነን ይሄን የሠራነው?»

ሞሪያም «ዋው» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ግን ጎንበስ ብላ ከጎን በኩል ስታየው አፏን መልሳ ገጠመችው።

ሁለቱም የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ናቸው። በትምህርት ቤታቸው የመኪና ጥገና ክፍል ውስጥ ከእነሱ በቀር ሴት ስለሌለች፣ ወደው ሳይሆን ተገደው ነው መጀመሪያ የተጣመሩት፤ አሁን ግን በመጥረቢያም አይለያዩም። ለፔሳሕ፣ ለአይሁድ ፋሲካ፣ ዕረፍት ሲወጡ መምህራቸው ራሕሚም የቀለም መርጫውን አዋሷቸው፤ «አንድ ነገር ቀብታችሁ አምጡ» አላቸው። ምድጃውን ያገኙት ከሞሪያ እናት ከጸሐይ ነው። ጸሐይ ለበዓሉ አዲስ ገዝታ አሮጌውን መንገድ ዳር ልታወጣው ስትል ሞሪያ ለምና ተረከበችው። ከዚህ በኋላ ምግብ እንደማይገባበት ግን በእናቷ ፊት ምላ ነው። መሐላው አስፈላጊ ነበር፤ ጸሐይ ቀዩን የቀለም ዱቄት በማሰሮ ስታየው «የማን በርበሬ ነው?» ብላ ጣቷን ልትነክር ስትል ለትንሽ ነው የተያዘችው።

ቦታውንና ክዳኑን የሰጧቸው ደግሞ ጎረቤታቸው አባባ አምባቸው ናቸው። ሮቫ ዳሌት በሚባለው ሰፈር ውስጥ እነ ሞሪያ ከሚኖሩበት ፎቅ በታች፣ ምድር ቤት፣ አንዲት ትንሽ የዕቃ ክፍል አለቻቸው። ከወደብ ሥራ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ውሏቸው እዚያና ከነጭ መኪናቸው አጠገብ ነው። መኪናዋ ሞሪያን በዕድሜ ትበልጣለች። አባባ አምባቸው ኮፈኗን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ከፍተው ያሳያሉ። ሞተሩ ላይ የተቀመጠው የአሉሚኒየም ክዳን ግን ቀለሙ ተላልጦ፣ አሮጌ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሮ ስለነበር፣ ሰው ሲያየው በእጃቸው ይሸፍኑት ነበር።

ነገ የሴዴር ማታ፣ የፔሳሕ መግቢያ እራት፣ ነው። አባባ አምባቸው ከሰዓት በኋላ ወደ ቅርያት ጋት ከተማ፣ ወደ እኅታቸው ወደ ውቤ ይነዳሉ። አገራቸውን ለቀው በእግር ካቋረጡት ከሱዳን በረሃ ጀምሮ አንድም ፔሳሕ ተለያይተው አያውቁም። ዘንድሮ ደግሞ አስቀድመው ደውለው ለውቤም፣ ለልጆቿም፣ ለልጅ ልጆቿም ስለ ቀዩ ክዳን አውርተዋል፤ ነገ ሁሉም በር ላይ ቆመው ኮፈኑ ሲከፈት ያያሉ።

«ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው?» አለች ሳፒር።

ሞሪያ በጣቷ አመለከተቻት። በክዳኑ አንድ ጎን ላይ ቀለሙ ትንንሽ እብጠቶች አውጥቷል። አንዳንዶቹ ፈንድተው የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ነጠብጣብ ትተዋል።

የዱቄት ቀለም በብሩሽ አይቀባም። ደረቁ ዱቄት በኤሌክትሪክ ኃይል ብረቱ ላይ እንዲለጠፍ ይረጫል፣ ከዚያ ምድጃ ውስጥ ቀልጦ ይያያዛል። ችግሩ አሉሚኒየም ዘይት መጠጣቱ ነው። ስለዚህ ከመቀባቱ በፊት ባዶውን ምድጃ ገብቶ እስኪያልበው መሞቅ አለበት፤ የወጣው ዘይት ይጠረጋል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይሞቃል። ራሕሚም ይህን እየደጋገመ ከመናገሩ የተነሣ ልጆቹ በድምፁ ያስመስሉታል። ትናንት ሞሪያ ከእናቷ ጋር የቤቱን ጥግ ሁሉ ለበዓሉ ስታጸዳ ስለዋለች ይህ ሥራ የሳፒር ነበር።

«ሳፒር፣ ትናንት አሙቀሽዋል?»

«ነገርኩሽ እኮ። ሁለቴ አሞቅኩት፣ ሁለቴ አጠብኩት።»

ሞሪያ ቀና ብላ አየቻት። ያኔ ነው ሹሩባዋ ዓይኗ ውስጥ የገባው። ቀጫጭን፣ እኩል የተገመዱ፣ እስከ ወገቧ የወረዱ ሹሩባዎች። ጠዋት አድንቃት ነበር፤ አድናቆቱ ግን ሐሳብ አላስከተለም። አሁን አስከተለ። እንዲህ አድርጋ የምትሠራው ሮቫ ቴት ቫቭ ሰፈር ያለችው የሳፒር አክስት ሬቪታል ብቻ ናት፤ ሬቪታል ጋ የተቀመጠች ልጅ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ አትነሣም።

«ሬቪታል ናት የሠራችሽ?»

«አዎ፤ አምሮብኛል አይደል?»

«መቼ ሠራችሽ?»

ሳፒር መልስ ለመፈለግ ጣሪያውን አየች፣ ምድጃውን አየች፣ ጫማዋን አየች።

«ለበዓሉ ትናንት ብቻ ነበር ቦታ ያላት» አለች በመጨረሻ። «ግን አጥቤዋለሁ! በሐያይ፣ በሕይወቴ እምላለሁ፣ በደንብ አጥቤዋለሁ። ማሞቁን ብቻ ነው የዘለልኩት።»

«ማሞቁ ነዋ ሥራው!»

«የራሕሚም ነገር መስሎኝ ነው። ሁሉን ነገር ያጋንናል።»

ሞሪያ ተናደደች። የተናደደችው በእብጠቱ ብቻ አይደለም። ዓይን ዓይኗን እያየች «ሁለቴ» ማለቷ ነው ያበሸቃት። አንድ ጊዜ ብላ ብትዋሽ እንኳ ይሻል ነበር።

«ስሚኝ» አለች ሳፒር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በአሸዋ ወረቀት እናለስልሰው፣ ላዩ ላይ ቀይ ስፕሬይ እንርጭበት። ኻላስ፣ በቃ። ማን ያየዋል?»

«ሞተሩ በጋለ ቁጥር ከሥር ያለው ዘይት ይገፋዋል። እስከ ክረምት ይላላጣል።»

«እስከ ክረምት ስንት ወር አለ! ነገን ይለፍ እንጂ።»

ከላይ፣ ከሁለተኛው ፎቅ በረንዳ፣ የእማማ አበሩ ድምፅ መጣ። «እናንተ ልጆች! ምን ዓይነት ወጥ ነው እንዲህ የሚሸተው?»

«የብረት ወጥ ነው እማማ፤ ይጠብቁ፣ ሲበስል እናወጣልዎታለን!» ብላ መለሰች ሳፒር። ሞሪያ ንዴቷን ሳትጨርስ ሳቅ አመለጣት፤ ይህም ደግሞ አናደዳት።

ክዳኑ ጠረጴዛው ላይ ቀዝቅዞ በእጅ የሚያዝ ሲሆን አባባ አምባቸው አጎንብሰው በበሩ ገቡ። ሞሪያ ምን እንደምትል ገና አልወሰነችም ነበር። እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ቆሙ።

«ወይ ጉድ!» አሉ። «ይሄ የኔ ነው?»

«የእርስዎ ነው አባባ» አለች ሳፒር ፈጥና። ክዳኑን ያዞረችውም ፈጥና ነው፤ እብጠቱ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«እናንተ እኮ ልጆች አይደላችሁም፣ ጠቢባን ናችሁ! ውቤ ይሄን አይታ አታምነኝም።» ይዘውት የመጡትን ፎጣ ዘርግተው ክዳኑን እንደ ሕፃን ይጠቀልሉት ጀመር። ደስታቸው ወሬ አስጀመራቸው። «ምድጃው የጸሐይ ነው አይደል? ደግ አደረገች። ድሮ እኛ አገር ለፔሳሕ ድስት ማጠብ የለም፤ መስበር ነው። እርሾ የነካው ሸክላ ሁሉ ይሰበርና ከአዲስ ይጀመራል። ታዲያ እናቴ የምትወዳት አንዲት ድስት ነበረቻት። እሷን መስበር አልሆንልሽ አላት። አልጋ ሥር ሸጎጠቻት።»

«ተያዘች?» አለች ሳፒር።

«ማን ይይዛታል? ያየ የለም። ግን በዓሉ ከገባ ወዲያ መቀመጥ አቃታት። እንግዳ አልጋው ላይ ሊቀመጥ ሲል ትደነግጣለች። እኔ ወደዚያ ስሮጥ ትጮኽብኛለች። ‹ምን ሆነሻል?› ሲሏት ‹ወገቤን› ትላለች። ጎረቤት ቅቤ ይዞ ወገቧን ሊያሻት መጣ! ያኔ ‹ኧረ ወገቤስ ደኅና ነው!› ብላ ድስቷን አውጥታ ደጅ ላይ ከሰከሰቻት። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብላ ቂጣ የበላችው።»

ሳፒር ሳቀች። ሳቋ ግን መሀል ላይ ቆመ።

ሞሪያ ፎጣውን አየችው። ነገ ቅርያት ጋት ኮፈኑ ሲከፈት፣ ልጆቹ ሲያጨበጭቡ፣ አባባ አምባቸው ደረታቸውን ነፍተው ሲቆሙ ታያት። ከዚያ ደግሞ ክረምት ሲመጣ፣ እሳቸው መኪናዋ አጠገብ ቆመው ክዳኑን በእጃቸው ሲሸፍኑ ታያት። በየጠዋቱ ደረጃው ላይ ልታገኛቸው ነው። በየጠዋቱ «ሞሪያዬ» ሊሏት ነው።

«አባባ» አለች። «ይመልሱልኝ።»

«ምኑን?»

«ክዳኑን።» የፎጣውን ጫፍ ገለጠችላቸው። «ከሥሩ ዘይት አለ። ይኸውና፣ እዚህ ጋ አብጧል። በኋላ ይላላጣል። ሳንቀባው በፊት እስኪያልበው ማሞቅ ነበረብን፤ አላሞቅነውም።»

ሳፒር ቀና ብላ አየቻት። «አላሞቅነውም» ነው ያለችው፤ «አላሞቀችውም» አላለችም። ጓንቷን አውልቃ መልሳ አጠለቀች።

«እኔ ነኝ ያላሞቅኩት» አለች። «ሹሩባ ልሠራ ሄጄ ነው። ለሞሪያም ዋሽቻታለሁ።»

አባባ አምባቸው አንዴ ክዳኑን አንዴ ሹሩባውን ተመለከቱ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ወረደ።

«እና አሁን ምን ይሻላል?»

«ቀለሙን አስለቅቀን ከዜሮ እንጀምራለን። ግን ነገ ላይደርስ ይችላል። ካልደረሰ ባዶውን ብረት እንገጥምልዎታለን። መኪናዋ ትሄዳለች። ግን ቀይ አይሆንም።»

«ውቤ ደግሞ ‹ቀዩ የታለ?› ልትለኝ ነው።»

«ምን ይሏታል?» አለች ሳፒር በትንሽ ድምፅ።

አባባ አምባቸው ፎጣውን ፈትተው ክዳኑን በሁለት እጃቸው ጠረጴዛው ላይ መለሱት።

«‹እያላበው ነው› እላታለኋ!» ብለው ሳቃቸውን ለቀቁት።

ልጆቹ በሩን በሰፊው ከፈቱ፣ ጭንብላቸውን አጠለቁ። ሞሪያ የቀለም ማስለቀቂያውን በብሩሽ ስታለብሰው ያ ሁሉ ድምቀት ተሸበሸበ፤ ልቧም አብሮ ትንሽ ተሸበሸበ። ሳፒር ሹሩባዋን በሻሽ ጠቅልላ ፈተገች፣ አጠበች፣ እንደገና ፈተገች። ግራጫው ብረት ሲወጣ ያለ ቃል ወስዳ ምድጃው ውስጥ አስገባችው፣ ማብሪያውን አዞረች፣ የፍራፍሬ ሣጥን ገልብጣ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች።

«ሂጂ፣ እናትሽን አግዢ» አለች። «እኔ ከዚህ አልነሣም።»

ሞሪያ አልሄደችም። ሌላ ሣጥን ጎትታ አጠገቧ ተቀመጠች። አባባ አምባቸውም ወንበራቸውን አመጡ። ሦስቱም የምድጃውን መስታወት እንደ ቴሌቪዥን ተመለከቱ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ግራጫው ብረት ላይ አንዲት ጥቁር ነጠብጣብ ብቅ አለች፤ ከጎኗ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።

«እዩት!» ብላ ሳፒር ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «አላበው! እውነቱን ነው ራሕሚም፣ ያልበዋል!»

ሞሪያ ጨርቁን አቀበለቻት።

«ሹሩባሽ ግን አምሮብሻል» አለች።

ሳፒር የሻሿን ጫፍ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች። «አሁን ዘይት ዘይት ይላል» አለችና የምድጃውን በር ከፈተች።