ለጠያቂ መተኛት

የግቢው ቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ጵርስቅላ ሰሌኑ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ወገቧን ለስድስተኛ ጊዜ አንስታ ነበር።

«ጵርስዬ! እኔ ነኝ፣ ማራኪ!»

ዓይኗ ወዲያው አልጋው ላይ አረፈ። ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው።

ከሁለት ወር በፊት ጭቃ አዳልጧት ከነጀሪካኗ ወድቃ ወገቧን የተጎዳች ጊዜ ቤቱ ሰው በሰው ነበር። የኳየር ጓደኞቿ ከትምህርት ቤት መልስ እየመጡ ጸለዩላት፣ ዘመሩላት። ማራኪማ እግሯ ሥር ቁጭ ብላ የክፍሉን ወሬ አንድም ሳታስቀር ታወራላት ነበር። ምን ዋጋ አለው! ጵርስቅላ መንገድ ላይ ስትራመድ የታየች ዕለት ሰፈሩ ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነች!» ብሎ ወደየጉዳዩ ሄደ። ቆሞ የሚሄድን ሰው ማን ይጠይቃል?

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሳህሉ ግን ድነሻል አላላትም። «በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ትራመጃለሽ። አንድ ቀን እየዘለልሽ ደግሞ የወገብ ማጠንከሪያውን እንቅስቃሴ ትሠሪያለሽ። አንዱን ይዘሽ ሌላውን እንዳትተዪ» ነበር ያላት።

ብቻዋን ተራመደች፣ ብቻዋን ሠራች፣ ብቸኝነቱ አንገሸገሻት። ባለፈው ሳምንት ታዲያ የማራኪን ድምፅ ስትሰማ አልጋ ውስጥ ገብታ ጋቢውን እስከ አገጯ ሳበች።

«ውይ! አገረሸብሽ እንዴ የኔ እናት?»

በነጋታው ማራኪ ኳየሩን ሁሉ ይዛ ከች አለች። ደስ ሲል! የጵርስቅላ እናት ገነቴ እንኳ አምናት ሆመቾ ገበያ ሳትሄድ ቀረች። ጵርስቅላ አምስት ቀን ሙሉ ሳትራመድ፣ ማጠንከሪያውንም ሳትሠራ ተኛች። በስድስተኛው ቀን ጫማዋን ልታስር ጎንበስ ብትል ወገቧ ቀጥ ብሎ ተያዘ፤ ከሕመሙ ይልቅ ያስለቀሳት እፍረቱ ነው።

«ጵርስዬ! ተኝተሻል እንዴ?» በሩ እንደገና ተንኳኳ።

ብትተኛ ማራኪ እስኪመሽ ትቀመጣለች። ባትተኛስ? ፈራች፤ የምሯን ፈራች።

«ግቢ! ክፍት ነው!» አለችና ወገቧን ለሰባተኛ ጊዜ አነሳች።

ማራኪ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥላ ገባች። ባዶውን አልጋ አየች፣ ሰሌኑን አየች። «እንዴ! ዳንሽ?»

«ገና ነኝ። ግን ባለፈው አላገረሸብኝም ነበር። እንድትመጪልኝ ብዬ ነው የተኛሁት።»

የማራኪ ፊት ጠቆረ። «እኛ እኮ ጾመን ጸልየንልሻል!»

«አውቃለሁ። ይቅርታ።»

ማራኪ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ሳትቀመጥ ወጣች። የቆርቆሮው በር ድው ብሎ ተዘጋ።

ጵርስቅላ ወደ አልጋው ዞር ብላ አየች። አልጋው አሁንም እዚያው ነው።

«ስምንት» አለች ጮክ ብላ። «ዘጠኝ። አሥር።»

ከዚያ ሳህሉ እንዳሳያት ወደ ጎን ዞራ፣ በክንዷ ተደግፋ ተነሳች። ጫማዋን ቀስ ብላ አጠለቀች። የዛሬው ሃያ ደቂቃ ገና ነበር። ከግቢው ስትወጣ እንደወትሮው ወደ ላይ አልታጠፈችም፤ በእነማራኪ ቤት በኩል የሚያልፈውን መንገድ ያዘች።