የሦስተኛው ሙዚቃ ሲጢጥታ

ፒያኒስቱ የተገኘው ስቱዲዮው ውስጥ፣ ፒያኖው ላይ በግንባሩ እንደተደፋ ነው። ከኋላ የተመታበት የማይክሮፎን ማቆሚያ ብረት ምንጣፉ ላይ ወድቋል። መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ የሟቹን የድሮ ጓደኛ፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹን፣ በካቴና አስረው ነገሩ ያለቀለት መስሏቸዋል። እሷ ደግሞ ቶሎ ያለቀለት ነገር አይዋጥላትም።

«አባዬ ሲጫወት ታች ሆነን ሰምተነዋል» አለች የሟቹ ልጅ። «እኔና ጋሼ ጆሮ ሻይ እየጠጣን። አራት ሰዓት ነበር። ሙዚቃው ሲያልቅ ይሄ ሰውዬ ወደ ላይ ወጣ፤ አፍታም ሳይቆይ ጮኸ። ሌላ ማን ገባ?»

ጋሼ ጆሮ ከአርባ ዓመት በፊት የፒያኒስቱን ብቸኛ የጃዝ-ፈንክ አልበም የቀዳው የድምፅ ባለሙያ ነው። ትንኝ ስታልፍ ይሰማል ስለሚባልለት ነው ይህ ስም የወጣለት። አልበሙን ያኔ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም፤ አሁን ግን ወጣቶቹ ከእሱ እየቆረጡ በየዘፈናቸው ይከታሉ፤ በተለይ ፒያኖ ብቻ ያለበትን ሦስተኛውን ሙዚቃ። ሽማግሌው ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አቅፎ ቁጭ ብሏል። መርማሪዋ ይህችን ነገር አልወደደቻትም።

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ» አለችው ቤዝ ተጫዋቹን።

«አልበሙን እንደ አዲስ ሊቀዳው ነበር፤ ያለ እኔ። ተናድጃለሁ፣ አልዋሽሽም። ዛሬ የመጣሁት ግን ልለምነው ነው። እንዳላቋርጠው ብዬ እስኪጨርስ ደረጃው ሥር ጠበቅኩ።»

«ሟቹ የትኛውን ነበር የሚጫወቱት?»

«ሦስተኛውን» ልጅቷ ቀደመችው። «ያቺ ወንበር ሲጢጥ ስትል ሁሉ ይሰማ ነበር።»

መርማሪዋ የፒያኖው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወደ ግራ ተወዛወዘች፣ ወደ ቀኝ። ምንም። በመስኮቱ ወደ ጓሮ ብታይ፣ አንድ አሮጌ ወንበር ከቆሻሻው ጋር ተጥሏል።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ወንበር ትናንት ነው የመጣው፤ ሻጩን ጠይቄዋለሁ» አለች። «አዲሱ ቅጂ ጥርት እንዲል ሟቹ ድምፅ የሌለው ፈልገው ነበር። ታዲያ ዛሬ ሲጢጥ ያለው ምንድን ነው? የድሮው ቅጂ፤ የአሮጌው ወንበር ድምፅ አብሮ ተቀድቶበታል። አራት ሰዓት ላይ ፒያኒስቱ ቀድመው ሞተው ነበር። ገዳዩ ቴፑን ከፍቶ ወርዶ ሻይ ጠጥቷል። ጩኸቱ ሲሰማ ደግሞ ቀድሞ ሮጦ በግርግሩ መሃል የቴፑን ክር አንስቷል።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ቦርሳዎ ሲፈተሽ ክሩ ተገኝቷል። ሙዚቃው እርስዎ ታች ከወረዱ በኋላ እንዲጀምር መጀመሪያው ላይ የግማሽ ሰዓት ባዶ ክር ቀጥለውበታል።»

«ጋሼ?» አለች ልጅቷ።

«ሊያቃጥለው ነበር» አለ ጋሼ ጆሮ። «አዲሱን ቀድቼ አሮጌውን ዋና ክር አቃጥላለሁ አለኝ። ያኔ ያን ሲጢጥታ ይጥፋ ሲል ተሟግቼ ቅጂው ላይ እንዲቆይ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ወጣቶቹ ሁሉ የሚቆርጡት እሱን ነው። በሕይወቴ የሠራሁት እሱን ብቻ ነው።»

«ሲጢጥታው እንደሚያጋልጥዎት አላሰቡም?»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። «አርባ ዓመት ሙሉ ስሰማው የወንበር ድምፅ መሆኑን ረስቼዋለሁ። ለእኔ ሙዚቃ ነው።»

የቤዝ ተጫዋቹ ካቴና ተፈታ። ልጅቷ አፍራ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል አቀፋት፤ አብረው አለቀሱ።

«ክሩስ?» ሲል ጠየቀ ጋሼ ጆሮ።

«ማስረጃ ነው» አለች መርማሪዋ። «ማንም አያቃጥለውም።»

ሽማግሌው እፎይ አለ፤ ከዚያ ሁለት እጆቹን ለካቴናው ዘረጋ።