ማንም ያልከፈተው አፍ

ራሂማ የቡላን ቁርስ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ የጓሮውን ክፍል በር በክርኗ ገፋ ስታደርገው፣ መጀመሪያ ያየችው የአሠሪዋን የአቶ ባልቻን ጫማ ነው። ጫፉ ወደ ጣሪያ ቆሟል። ቀጥላ አንገቱን አየች። ከዚያ ወዲያ ማየት አልፈለገችም፤ ዓይን ግን መቼ ይታዘዛል።

ከመንጋጋው በታች ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። የትልቁ ሽቦ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቡላ፣ ያ ወጠምሻ ዝንጀሮ፣ የጣሪያው ማገር ላይ ተኮራምቶ ቁልቁል ያያታል፤ መዳፎቹ ደም ነክተዋል። በትንንሾቹ ሽቦ ቤቶች ያሉት ሁለት ጦጣዎች ተቃቅፈው ይንቀጠቀጣሉ፤ ድምፅ የለም።

«ያ አላህ» አለች ራሂማ። ሳህኑ ግን ከእጇ አልወደቀም፤ ከፍርሃቷ ብዛት ጭራሽ ጨምድዳ ያዘችው።

ሰው ሞቶ ሳለ መጀመሪያ ራሷን ማሰቧ አያስወቅሳትም። በሩ ሳይሰበር ተከፍቶ አድሯል፤ የዚህ ክፍል ቁልፍ ያለው ደግሞ ሁለት ሰው ጋ ብቻ ነው። አንዱ ወለሉ ላይ ተዘርሯል። ሁለተኛው ቁልፍ በእሷ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል።

ከድንበር ማዶ ባለችው ዋና ከተማ፣ ኪሊማኒ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ያንን ግቢ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው በአበባ ላኪነት ነው። የምን አበባ! ጃፈር የሚባለው የባልቻ ሽርካ ከሞያሌ በኩል በባቄላ ጆንያ ሥር ደብቆ የሚያመጣቸው የዝንጀሮና የጦጣ ግልገሎች ናቸው፤ እናታቸው ተገድላ ከጀርባዋ ላይ የተነጠቁ። አሥር ተጭነው አራት ከደረሱ ጉዞው ቀንቷል ይባላል። የደረሱት ባሕር ተሻግረው በሰው ሳሎን የሕፃን ልብስ ለብሰው ፎቶ ይነሣሉ። ቡላ ገዢ ሲጠፋለት እዚያው ሽቦ ቤት ውስጥ አደገ፤ አሁን ደንበኛ ተገኝቶለት በሳምንቱ ሊጫን ነበር። ጊዜው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስድስት ነው።

ራሂማም ከሞያሌ ነው የመጣችው፣ ለወጥ ቤት ሥራ። አቶ ባልቻ «ፈቃድ ላውጣልሽ» ብሎ ፓስፖርቷን ተቀበላትና መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። መንገድ ላይ ፖሊስ ኪፓንዴ ይጠይቃል፤ መታወቂያ የሌለው ሰው ጣቢያ ያድራል። ስለዚህ አሥራ አራት ወር ሙሉ ከበሩ ወጥታ አታውቅም።

የመጣው ፖሊስ ሳርጀንት ሙቱኩ ይባላል። አማርኛ አያውቅም፤ የቤቱ ሰው ደግሞ ደንግጦ ስዋሂሊውም እንግሊዝኛውም ጠፍቶበታል። ስለዚህ ከጎረቤት ሻምበል አስቻለው ተጠራ፤ አዲስ አበባ ሃያ ሁለት ዓመት ወንጀል የመረመረ፣ አሁን የአንድ የእርዳታ ድርጅት የጥበቃ ኃላፊ የሆነ፣ ቀጭን፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የተጠራው ለማስተርጎም ነበር። የለመደ እጅ ግን ያርፋል?

ሻምበል ሲደርስ ዶክተር ሔኖክ ቀድሞት ቆሟል። የእንስሳት ሐኪም ነው፤ በሥራ ቀን ለአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የአርብቶ አደር ከብት ያክማል፣ በትርፍ ጊዜው የባልቻን እንስሳት። የሟች ሚስት ወይዘሮ ብዙነሽ ናት በስልክ የጠራችው።

«ሁለቱ የላይ ክራንቻዎች ናቸው እዚህ የገቡት» አለ ዶክተሩ በጣቱ እያሳየ። «ዝንጀሮ አንዴ ሰው ከነከሰ አይመለስም። ባዝንም፣ መገደል አለበት።»

ሳርጀንቱ ስልክ ደወለ። የዱር እንስሳት ጠባቂዎች ስድስት ሰዓት ላይ ጠብመንጃ ይዘው ይመጣሉ።

ራሂማ ጥጉ ላይ ቆማ ሰማች። ቡላ እንዳልገደለ ታውቃለች፤ ወላሂ ታውቃለች። ግን ብትናገርስ? ዝንጀሮው ካልገደለ ቁልፍ ያላት ማን ናት? ቁልፉን ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው።

ሻምበል አስቻለው ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። ብዙ ቆየ። የሟችን ጆሮ ገለጥ አድርጎ ከጀርባው አየ፣ ወለሉን አየ፣ የሸሚዙን ኮሌታ አየ። ሲነሣ ለሳርጀንቱ አንድ ነገር ሹክ አለውና ብዙነሽ፣ ዶክተሩና ወሬውን ሰምቶ የመጣው ጃፈር ወደተቀመጡበት ሳሎን ገባ።

«ትናንት ማታ የት ነበሩ፣ ወይዘሮ ብዙነሽ?»

«ሁርሊንግሃም፣ የእድራችን ስብሰባ ላይ። ስመለስ ባልቻ ውጭ ያመሸ መስሎኝ ተኛሁ። ማምሸት ልማዱ ነው።»

«አንተስ፣ ጃፈር?»

«ኢስትሊ ነበርኩ፣ ጭነት ሳራግፍ። አሥር ሰው ይመሰክራል፣ ሻምበል።» ጃፈር ይህን ሲል ዓይኑን ከምንጣፉ አላነሣም።

«ዶክተር?»

«ፓርክላንድስ፣ ቤቴ። ብቻዬን ነው የምኖረው።»

«ቡላን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«ባለፈው ሐሙስ። እዚሁ መጥቼ ከራስ እስከ ጅራቱ መርምሬዋለሁ። የጤና ወረቀቱም አለ።»

ሻምበል ወረቀቱ ይምጣልኝ አለ። ብዙነሽ ከባሏ ፋይል አውጥታ ሰጠችው። ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ የሐሙስ ቀን አለው። ጣቱን መስመር በመስመር እያስኬደ አነበበና አንድ ቦታ ላይ አቆመ፤ ከዚያ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ራሂማ ውኃ ልታቀርብ ገብታ ይህን ሁሉ ሰማች። ሐሙስ ዶክተሩ አልመጣም። ከሁለት ወር ወዲህ ዝር ብሎም አያውቅም። የብርጭቆዎቹን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፈጥና ወጣች።

ሻምበል ተከትሏት ወጥ ቤት ገባ። ሁለት ሳህን ተቀምጧል።

«ይሄ የማነው፣ ልጄ?»

«የጦጣዎቹ ነው፣ ጋሼ።» ጥሬ በቆሎ ነው፣ ከነቆረቆንዳው።

«ይሄስ?»

«የ... የቡላ።»

ጣቱን አስነክቶ በአውራ ጣቱ አሸው። በወተት የላመ ገንፎ ነው። «ይሄ የሕፃን ምግብ ነው። ጦጣዎቹ በቆሎ ሲቆረጥሙ ያንን የሚያህል ዝንጀሮ ገንፎ?»

ራሂማ እንባዋ መጣ። «ጋሼ፣ እኔን አይጠይቁኝ። ወረቀት የለኝም። ቁልፉ እኔ አንገት ላይ ነው። ይሄ ፖሊስ እኔን ነው የሚወስደኝ።»

«ፓስፖርትሽ የት ሄደ?»

«አቶ ባልቻ ቆልፈውበታል።»

ሻምበል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል። ዛሬ እዚህ ቤት ሁሉም ዳውላውን ነው የሚመታው። እኔ አህያውን ይዤዋለሁ፤ ማሳየት ነው የቀረኝ። ቡላ ስትጠሪው ይወርዳል?»

«ይወርዳል።»

«በሁሉም ፊት ትጠሪዋለሽ? አላስገድድሽም።»

ራሂማ የገንፎውን ሳህን አንሥታ ክዳን ደፋችበት።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በጓሮው ክፍል ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነሥቷል። ብዙነሽና ጃፈር በሽቦ ቤቱ በኩል፣ ዶክተሩ መሐል ላይ፣ ሳርጀንቱ እጁን ሽጉጡ ላይ አድርጎ። ማገሩ ላይ ቡላ አለ። የግቢው በር ላይ የመኪና ጥሩንባ ጮኸ፤ ጠባቂዎቹ ቀድመው ደርሰዋል። ብዙነሽ «መጡ» አለች። ሻምበል ወደ ራሂማ እንኳ አላየም።

ራሂማ ቡላን ቀና ብላ አየችው። ሲፈራ እንደሚያደርገው ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። ያን ቀን ፒንሳውን ሲያይም እንዲሁ ነበር ያደረገው።

«ቡላ» አለች። እጇን ዘረጋች። «ቡላዬ፣ ና።»

ዝንጀሮው ከማገሩ ዱብ አለ። ሳርጀንቱ ዘሎ ከበሩ ውጭ ደረሰ። ዶክተር ሔኖክ ከእሱ ቀድሞ ወጥቷል፤ በሩን ሊዘጋው ሁሉ ሲል ሻምበል እግሩን ጣልቃ አስገባ። ብዙነሽ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። ጃፈርም እንዲሁ። ቡላ የራሂማን ቀሚስ ጨብጦ ፊቱን ጭኗ ውስጥ ደበቀ።

«ግቡ እንጂ» አለ ሻምበል። «የሳርጀንቱ መሸሽ ይገባኛል፣ እንግዳ ነው። የእርስዎ ግን ገረመኝ፣ ዶክተር። የቤቱ ሰው ያልፈራውን የራሱ ሐኪም ፈራው። ልጄ፣ ከንፈሩን ግለጪው።»

ራሂማ ተንበረከከችና የቡላን ከንፈር በሁለት ጣቷ ከፍ አደረገችው። ፊት ለፊት አንድም ጥርስ የለም። ክራንቻው የነበረበት ድድ ጠቁሮ፣ አብጦ፣ ገና አልገጠመም።

ሳርጀንቱ በስዋሂሊ አንድ ነገር አጉረመረመ። የዶክተሩ ፊት አመድ መሰለ።

«መቼ ነው?» አለ ሻምበል።

«ከሦስት ሳምንት በፊት» አለች ራሂማ። «ገዢው የማይነክስ ነው የምፈልገው አለ። አቶ ባልቻ በፒንሳ ነቀሉት፤ ጃፈር ነው የያዘው። ከዚያ ወዲህ ገንፎ ካልሆነ አይበላም።»

ጃፈር ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ድምፁ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም» አለ።

ሻምበል እያንዳንዱን ቃል ለሳርጀንቱ እየተረጎመ ቀጠለ። «እኔን መጀመሪያ ያጠራጠረኝ ደሙ ነው። አንገቱ የተወጋ ሰው ክፍሉን በደም ይሞላዋል፤ እዚህ ግን አንድ ጨርቅ የሚያርሰው ያህል ነው የፈሰሰው። ሰውዬው ሲወጋ ልቡ ቆሟል ማለት ነው። ከጆሮው ጀርባ የመርፌ ነጥብ አየሁ። በማደንዘዣ ተገድሎ ነው ከሞት በኋላ የተወጋው። ቀዳዳዎቹም የጥርስ አይደሉም፤ ጥርስ ይቦጭቃል፣ እነዚህ ክብ ናቸው።»

«ታዲያ ማን?» አለች ብዙነሽ።

«የቡላን አፍ የማያውቅ ሰው። ጃፈር ይዞታል፣ ራሂማ ታበላዋለች፣ እርስዎም ጩኸቱን ሰምተዋል፤ ሦስታችሁም ዝንጀሮ ነከሰው ብላችሁ አታስመስሉም። ዝም ያላችሁት እያንዳንዳችሁ ለራሳችሁ ፈርታችሁ ነው። አፉን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሐኪሙ።» ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። «የሐሙስ ምርመራ፤ ጥርስ፣ ሙሉ። ዶክተር፣ እርስዎ ሐሙስ አልመጡም። ቢሮዎ ቁጭ ብለው፣ እንስሳውን ሳያዩ ነው የሚፈርሙት። ሁልጊዜም እንዲሁ።»

ብዙነሽ እንደ ደነዘዘች ተናገረች። «ትናንት ጠዋት ባልቻ በስልክ ሲጮህበት ሰምቻለሁ። ካሁን ወዲያ አልፈርምም ካልክ እስካሁን የፈረምካቸውን ለመሥሪያ ቤትህ እልካቸዋለሁ ሲለው። እዚህ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም።»

«ማታ መጣ፤ ባልቻ ራሱ ከፈተለት። ሲወጣ የቡላን ሽቦ ቤት ከፍቶ ሄደ፤ ቡላ ሬሳውን ነካክቶ ነው መዳፉ ደም የያዘው» አለ ሻምበል። «ሳርጀንት፣ የዶክተሩ ቦርሳ መኪናው ውስጥ ነው።»

ሳርጀንቱ ቦርሳውን አምጥቶ ዘረገፈው። ከመርፌና ከብልቃጥ መሐል የተነፋ ከብት ሆዱ የሚወጋበት ወፍራም ሹል ብረት፣ እንደ ቱቦ ክፍት ከሆነው ሰገባው ጋር ወጣ። ላዩ ተፈትጎ ያብረቀርቃል። ሻምበል ሰገባውን ወደ ብርሃን አቅንቶ በቀዳዳው አየበት፤ ከዚያ ለሳርጀንቱ አቀበለው። ውስጡ ጠቁሮ የደረቀ ደም ነበር።

«መውጣት ነበር የፈለግሁት» አለ ዶክተር ሔኖክ። «ከዚህ ሥራ መውጣት ብቻ። አላስወጣኝ አለ።»

«እና ቡላን አስገድለህ ልትወጣ» አለ ሻምበል፤ አንቱታው ቀርቷል።

ሳርጀንቱ ዶክተሩን በካቴና አስሮ መኪናው ውስጥ አስገባው። ጃፈርንም አስከተለው፤ የሚጠየቀው ብዙ ነው። ከዚያ ደብተሩን ገልጦ ወደ ራሂማ ዞረ። ምስክር ናት፣ ስም ያስፈልጋል፣ ኪፓንዴም። ራሂማ ወደ ብዙነሽ ዞረች።

ብዙነሽ ወደ ቤት ገባችና የባሏን መሳቢያ ይዛ ወጣች። እንዳለ መሳቢያውን፤ ቁልፉን ሰብራ መዝዛው ነው። ውስጡ በስኒ ማስቀመጫ ላይ የተደረደሩ የቡላ ጥርሶች አሉ፣ ባልቻ በብር አስለብጦ የቁልፍ መያዣ ሊያሠራቸው ያስቀመጣቸው። ከጥርሶቹ ሥር የራሂማ ፓስፖርት አለ።

«እህቴ፣ ይቅር በይኝ» አለች ብዙነሽ። «የት እንዳለ አውቅ ነበር።»

ራሂማ ፓስፖርቱን ተቀብላ ለሳርጀንቱ አሳየችው፤ ስሟን ጽፎ መለሰላት። ይቅርታውን ገና አልተቀበለችም፤ ያ ሌላ ቀን ይሆናል፣ ወይም አይሆንም።

ጠብመንጃ የያዘው ጠባቂ በሩ ላይ ቆሞ «የቱ ነው የሚገደለው?» ሲል ጠየቀ።

«ምንም የሚገደል የለም» አለው ሻምበል። «ይሄ ጥርስ የለውም፤ ዱርም ቢለቁት አይኖርም። መጠለያ ውሰዱት፣ ጦጣዎቹንም።»

ቡላ ግን የሽቦ ሳጥኑን ሲያይ ራሱን በእጁ ይዞ ጮኸ። ጠባቂው ገመድ አወጣ።

«ገመዱን አስቀምጠው» አለች ራሂማ በስዋሂሊ። ሁሉም ዞረው አዩዋት። «እኔ እይዘዋለሁ። ምግቡ በወተት ነው የሚላመው፣ ትኩስ ከሆነ ድዱን ያመዋል። መጥቼ አሳያችኋለሁ።»

ዝንጀሮውን አቅፋ የመኪናው ኋላ ላይ ወጣች። ፓስፖርቱን ደረቷ ውስጥ፣ ከዚያ ቁልፍ አጠገብ ከተተችው። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ለብዙነሽ አቀበለቻት። የግቢው በር ሲከፈት ቡላ ተንቀጠቀጠ። እሷም ተንቀጠቀጠች፤ ግን መንገዱን አየች።