አምስት ባዶዎች

አርባ ሦስት። ውዴ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች በጣቷ እየነካች ደግማ ቆጠረች፤ አሁንም አርባ ሦስት። ኮምፒውተሩ የሚጠይቀው ግን አርባ ስምንት አኃዝ ነው።

ጥፋቱ የራሷ ነው። ትናንት ከክፍል ጓደኛዋ ፍላሽ ላይ ጌም ጫነች፤ ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑ ገና ሲከፈት ይጠፋል። በሴፍ ሞድ፣ ማለትም የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ እንዲነሳ ብታደርገው ጌሙን ማጥፋት ትችላለች። ዲስኩ የተቆለፈ ስለሆነ ግን ያለ ቁጥሩ ወይ ፍንክች ብሏል። ሁሉን ደምስሶ እንደ አዲስ መጫንም ይቻል ነበር። ነገር ግን ውስጡ የአያቷ የመሪጌታ ሙላቴ ቅኔዎች አሉ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እሳቸው እያሉላት እሷ የጻፈቻቸው፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ። ለእሳቸው «መብራት ሲሄድ ተበላሸ» ብላቸዋለች።

ቁጥሩን ታላቅ ወንድሟ እሸቴ ላፕቶፑን ትቶላቸው ለሥራ ሲሄድ ለአያቱ አጽፏቸው ነበር። አሁን ያለበት ቦታ ስልክ አይሠራም። መሪጌታም እንደ ልማዳቸው በግዕዝ ቁጥር ነው የጻፉት።

«አባባ፣ አምስት ይጎድላል።»

«አይጎድልም። እሱ እንዳለኝ ነው የጻፍሁት።»

«ዜሮ አላለዎትም?»

«ባዶ ብሎኛል።»

«ታዲያ የት ጻፉት?»

መሪጌታ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩዋት። «ባዶ እንዴት ይጻፋል? በግዕዝ እኮ ምልክት የለውም፣ ልጄ።»

ውዴ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ወረቀቱን መልሳ አየች። የት የት እንደሚገቡ የማይታወቁ አምስት ባዶዎች። ያ ሁሉ ቅኔ በእሷ ጌም ሊቀር ነው።

ሽማግሌው ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣውን ብርድ ሽሽት ጋቢያቸውን ሰብስበው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ስድስት ስድስት እያደረገ ነው ያለኝ። ቆይ እስቲ። አራት፣ ሰባት፣ ባዶ፣ አንድ...» ጉልበታቸውን በጣታቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ትምህርታቸውን በቃል የተማሩ ሰው ናቸው፤ ጆሯቸው የያዘውን በቀላሉ አይለቅም። ሦስተኛው የስድስት ምድብ ላይ ጠፋባቸውና እንደገና ከመጀመሪያው ተነሡ። ውዴ እየተከተለች አስገባች።

አርባ ስምንት ሞላ። ስክሪኑ ጠቆር ብሎ ቆየና ተከፈተ። የቅኔው ፎልደር እንደነበረ አለ። ውዴ አያቷን አቅፋ ጋቢያቸው ላይ ተደፋች።

«አንቺ ባትኖሪ ይኼ ሁሉ ከእኔ ጋር ይቀበር ነበር» አሉ ፀጉሯን እየዳሰሱ። ቀጥለው ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው የጌሙን ምስል በጣታቸው ነኩ። «ይኼ ጠመንጃ የያዘው ሰውዬ ደግሞ ማን ነው?»

ቫይረስ ነው ብትላቸው ያምኗታል። እሷ ያለቻቸውን ሁሉ ያምናሉ።

ውዴ ጌሙን ሳታጠፋ ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዞረችው።

«መብራቱ አይደለም ያበላሸው፣ አባባ» አለች።