ፀሐይ የመታት ማሲንቆ

የጋሽ ገድሉን አስከሬን ከሐይቁ ያወጡት ሁለት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። እሑድ ረፋድ ላይ ነበር። ሽማግሌው በየማለዳው ተቀምጠው ከሚጫወቱበት ድንጋይ ሥር፣ ውሃው ከጉልበት በማያልፍበት ቦታ፣ በፊታቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸው ላይ ቁስል አለ።

«አዳልጧቸው ነው» አለ አንዱ ፖሊስ።

ኢንስፔክተር ፀደንያ የምታየው ሐይቁ ዳር ያለውን የሟቹን ግቢ የድንጋይ አጥር ነበር። የሟቹ ማሲንቆ አጥሩ ላይ ቆዳዋን ለፀሐይ ሰጥታ ተቀምጣለች። የጭራ ክሯ እንደተወጠረ ነው። ቆዳዋ መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል። ፀደንያ አንሥታ ስታዘነብላት በስንጥቁ ውሃ ጠብ አለ።

«እሷም ሐይቅ ገብታ ነበር» አለች። «እሳቸው አልወጡም። እሷን ማን አወጣት?»

ጋሽ ገድሉ በባሕር ዳር የባህል ምሽት ቤቶች አርባ ዓመት ተጫውተዋል። ከክረምት ወዲህ የሕይወት ትዝታቸውን በስልክ እየተረኩ፣ እየቀዱ ለተማሪያቸው ለዜማ ይልኩላት ነበር። እሷ ደግሞ ለሁለት ሰዎች ታስተላልፋለች፤ ድሮ አብራቸው ትዘፍን ለነበረችው ለእናቷ ለኪዲ እና ሠላሳ ዓመት ከበሮ ለመታላቸው ለክንዱ። አሥራ አንድ ክፍል ተሰምቷል። ወደዚያ ግቢ የሚመላለሱትም እነዚሁ ሦስቱ ብቻ ነበሩ።

ቅዳሜ ዕለት ዜማ በሽማግሌው ላይ ስትጮህ ጎረቤት ሰምቷል። ስለዚህ ፖሊስ እሷን ያዘ። ኪዲ ከሹም አቦ ሰፈር ጣቢያው ድረስ በእግሯ መጣች።

«ልጄ ዶሮ እንኳ አርዳ አታውቅም፣ ኢንስፔክተር። ልቀቁልኝ።»

«ለምን ጮኸችባቸው?»

«ማሲንቆዋን ለኔ ካላወረሱ ለማን ሊያወርሱ ነው ብላ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ገና አልበሰለችም።»

«እርስዎስ ቂም የለዎትም?»

ኪዲ የነጠላዋን ጫፍ ጠመዘዘች። «ቅናት ካሉኝ አለኝ። ዘፈኑን የተውሁት እሷን ላሳድግ ብዬ ነው። በዚያ ሁሉ ትዝታ ውስጥ ስለኔ ያወሩት አንድ ደቂቃ አይሞላም። ስለ እሷ ጣቶች ግን ግማሽ ሰዓት! በገዛ ልጄ ቀናሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ፀደንያ ከሰው የተዋሰቻትን ሌላ ማሲንቆ አቀበለቻት። ማሲንቆዋ በውሃ ርሳለች። «ውሃ ፈሶባታል። እንዳትበላሽ ይያዙልኝ፤ መጣሁ» ብላ ወጣች። ስትመለስ ኪዲ ማሲንቆዋን እንደ ሕፃን በነጠላዋ ጠቅልላ ታቅፋታለች።

ለዜማም እንዲሁ ሰጠቻት። ዜማ ለቅሶዋን ሳታቆም መቃኛውን አዙራ ጭራውን አላላች፤ ከዚያ ማሲንቆዋን ጥላ ውስጥ አስቀመጠቻት።

ክንዱ ሲጠራ ቀልድ ይዞ ገባ። «ከበሮ መቺ ከኋላ ወደ ፊት ሲጠራ ይኸው የመጀመሪያው ነው።»

«እሑድ ጠዋት የት ነበሩ፣ ጋሽ ክንዱ?»

«ሰባታሚት መንደር፣ ሠርግ ቤት። ከማለዳ ጀምሮ።»

«ትዝታቸውን ሰምተዋል?»

«አሥራ አንዱንም። ጥሩ ነው። የበላነው ሽሮ ተነሥቷል። የምሽት ቤቱ ድመት እንኳ በስሟ ተጠርታለች።» ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

እሱም እርጥቧን ማሲንቆ ተቀበለ። ፀደንያ ስትመለስ ማሲንቆዋ መስኮቱ ላይ ነበረች፤ ቆዳዋን ለፀሐይ ሰጥታ።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስቱም በሟቹ ግቢ ተሰበሰቡ። ዜማን ሁለት ፖሊሶች አመጧት። ኪዲ የልጇን ክንድ ይዛ አልለቅ አለች።

«ጋሽ ገድሉ ማሲንቆ ይዘው ወደቁ» ብላ ፀደንያ ጀመረች። «እንጨት ነችና ተንሳፈፈች። አንድ ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ አወጣት፤ እንዳትበላሽም አጥሩ ላይ አሰጣት። ይህ ሰው ማሲንቆዋን ይወዳታል። ማሲንቆ ተጫዋች ግን አይደለም። የእርጥብ ማሲንቆ ጭራ ካልላላና ጥላ ካላገኘ ቆዳው ይሰነጠቃል። ዜማ ይህን እያለቀሰች እንኳ አልረሳችውም። እትዬ ኪዲ ታቅፈዋት ተቀመጡ። ቆዳ ረጥቦ ሲላላ፣ እንዲወጠር ሮጦ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣው ማነው?»

«ከበሮ መቺ» አለች ዜማ፣ ሳታስበው።

ክንዱ ተቆጣ። «ሠላሳ ዓመት ከማሲንቆ አጠገብ ተቀምጬ ይህን አጣለሁ?»

«ዓይንዎ ያውቃል። እጅዎ ግን የለመደውን አደረገ፤ ትናንትም ጣቢያ ውስጥ። ሠርግ ቤት ደግሞ የደረሱት በአምስት ሰዓት ነው። ሱሪዎ እስከ ጉልበት ርሶ እንደነበር ሙሽራው ራሱ ነግሮኛል።»

ክንዱ የአጥሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«‹ድመቷን ከጠራህ እኔን እንዴት ረሳኸኝ?› አልሁት» አለ። «ሳቀብኝ። ‹ትደርሳለህ፣ አትቸኩል› አለኝ። ገፋሁት። ማጅራቱን ድንጋዩ መታው።»

«ማሲንቆዋን ሊያወጡ ሲገቡ እሳቸው አጠገብዎ ነበሩ።»

«ነበረ።» ክንዱ እጆቹን አየ። «እሷን ብቻ አነሣሁ።»

ፀደንያ የዜማን ስልክ ከኪሷ አወጣች። «ክፍል አሥራ ሁለት አለ። ቅዳሜ ምሽት ነው የተላከው።» ከፈተችው። የሽማግሌው ድምፅ ወጣ፦

«ዛሬ ስለ ክንዱ ነው። እስካሁን ስሙን ያላነሣሁት በሌላ ወሬ መሐል ጣል አድርጌው ላልፍ ስላልፈለግሁ ነው። ሰው እኔን ሲያይ ኖረ። እኔ ግን የማየው የክንዱን እጅ ነበር፤ እሱ ሳይነሣ ደጋኔን አንሥቼ አላውቅም። ማሲንቆዬ የዜማ ናት። ክንዱ ከጎኗ ካልተቀመጠ ግን እንዳትጫወት።»

ኪዲ «እኔስ?» ልትል አፏን ከፈተች። ወዲያው አፍራ ዘጋችው።

«ቅዳሜ?» አለ ክንዱ። ወደ ዜማ ዞረ። «ለምን አላስተላለፍሽልኝም?»

«ተናድጄ ነበር» አለች ዜማ። «አልከፈትሁትም። ማሲንቆዋን ለሌላ ሰጥተው፣ እኔን ረስተውኝ ይሆናል ብዬ...» አጥሩ ሥር ቁጭ አለች።

ክንዱ ወደ ስልኩ ዞረ። «አንድ ጊዜ ድገሙልኝ» አለ።

ፀደንያ ደገመችለት። ስሙ ሲጠራ ቀኝ እጁ ጉልበቱን በቀስታ ይመታ ነበር። ሲያልቅ እጆቹን ለካቴና ዘረጋ።

«ተፈታሻል፣ ልጄ» አለች ኪዲ። «ተነሺ፣ ቤታችን እንሂድ።»

ዜማ አልተነሣችም። ፀደንያ ያመጣቻትን የተሰነጠቀች ማሲንቆ ጭኗ ላይ አስቀምጣ መቃኛውን ወደ ኋላ አዞረች። ጭራው ላላ።