የሠላሳ ደቂቃ ዝምታ

የቆዳ ፋብሪካው ፎርማን ሬሳ ከኖራው ጉድጓድ ወጥቶ ሸራ ላይ ተጋድሟል። ሽታው ግቢውን ሁሉ ሞልቶታል። መርማሪዋን ይበልጥ ያንገሸገሻት ግን የሟቹ ታናሽ ወንድም ነበር። የፋብሪካው ባለቤት እሱ ነው፤ ሽቶ የነከረውን መሀረብ አፍንጫው ላይ ለጥፎ «ወንድም ጋሼን!» እያለ የአዞ እንባ ያፈሳል።

ካቴና የገባለት የኮምፒውተር ቴክኒሻኑ ነው፤ የሟቹ አማች። የፋብሪካው ባለቤት ፖሊስ ገና ከመድረሱ «የኔትወርክ ኬብሉን የነቀለው እሱ ነው!» ብሎ ጠቁሞታል። የሟቹ ልጅ አባቷን ታልቅስ ባሏን ታልቅስ ግራ ገብቷት በር ላይ ቆማለች።

«እስቲ ከሥሩ አስረዳኝ» አለችው መርማሪዋ።

«ጉድጓዱ መርዛም ጋዝ አለው። ማራገቢያው ያወጣዋል፤ ከበዛ ደግሞ ማንቂያው ይጮሃል። ሁለቱን የሚያሠራው ፕሮግራም ኔትወርክ ሲኖር በራሱ ይነሳል፣ ሲቋረጥ በራሱ ይቆማል። አደገኛ ነው ብዬ ሦስቴ ጽፌያለሁ። ‹አርፈህ ሥራህን ሥራ› ተባልኩ።»

«ዛሬስ?»

«ሦስት ሰዓት ላይ ኬብሉ ተነቀለ፤ ሦስት ተኩል ላይ ተመልሶ ተሰካ። ያኔ ማንቂያው ጮኸ፤ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት አባባ ሞተው ነበር።»

«የኬብሉ ክፍል ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ እና ባለቤቱ ጋሼ ጋ ብቻ።»

መርማሪዋ ወደ ባለቤቱ ቢሮ ወጣች። ከኮርኒሱ ድምፅ ማጉያ ዘፈን ይንቆረቆራል። ወንድም ሞቶ እንኳ የሚያጠፋው አልተገኘም።

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ወንበሬ ላይ! ማንቂያው እስኪጮህ ድረስ ንቅንቅ አላልኩም። ይሄንኑ ዘፈን እያዳመጥኩ፣ አንዴም ሳይቋረጥ።»

ዓይኗን ከኮርኒሱ ሽቦ ጋር እስከ ግድግዳው ጥግ አስኬደችው። ከዚያ ሁሉንም ጠራቻቸው፤ በጎን ክፍል የምትሠራውን የባለቤቱን ጸሐፊም ጭምር።

«አንቺ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ምን ሰማሽ?» አለቻት ጸሐፊዋን።

«ኧረ ምንም! ዘፈኑ ጭጭ አለ። ጋሼ ያጠፉት መስሎኝ ‹እሰይ› አልኩ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ መጣ።»

«ቴክኒሻን፣ ለምን ቆመ?»

ቴክኒሻኑ ቀና አለ። «ዘፈኑም... በዚያው ኬብል ነው የሚመጣው! ኔትወርክ ሲሄድ ይቆማል፣ ሲመለስ በራሱ ይነሳል።»

መርማሪዋ ወደ ባለቤቱ ዞረች። «ሲወጡ እየዘፈነ ተዉት፣ ሲመለሱ እየዘፈነ አገኙት። መሀል ላይ መቆሙን የማያውቅ ሰው እዚህ ያልነበረ ሰው ነው። ጸሐፊዋ ሰምታለች፤ ቴክኒሻኑ መስመሩን የዘረጋው ራሱ ስለሆነ ያውቀዋል። እርስዎ ቁልፍ ይዘው ታች ኬብሉ አጠገብ፣ ወንድምዎ እስኪሞት ሰዓት እየቆጠሩ ነበር።» ከሟቹ መሳቢያ የተገኘውን ደብዳቤ ዘረጋች። «የፋብሪካው ቆሻሻ ሰው ከሚጠጣው ወንዝ እየገባ መሆኑን ነገ ሊያጋልጥ ነበር።»

«አልሰማ አለኝ እኮ» አለ ባለቤቱ፣ እንባው በአንዴ ደርቆ። «ስንቴ ለመንኩት!»

የሟቹ ልጅ ወለሉ ላይ እንትፍ አለች።

ካቴናው ከባሏ እጅ ወልቆ፣ በአጎቷ እጅ ላይ ከጀርባ በኩል ተቆለፈ። በጉድጓዱ በኩል ሲያልፉ ባለቤቱ ፊቱን አጨማደደ።

«መሀረቤን... እባክሽ፣ አፍንጫዬ ላይ ብቻ ያዢልኝ።»

መርማሪዋ መሀረቡን ከኪሱ አውጥታ የሬሳውን ፊት ሸፈነችበት።

«ይሽተትህ» አለችው።